ተስፋዬ በእንግሊዝኛ የሠራው ቤት

በእንግሊዝኛ ብቻ ቤት የሚሠራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ዲላ ውስጥ አንድ አውቃለሁ። ተስፋዬ ከሞያሌ መንገድ ሥራ ሲመለስ ይዞ የመጣው የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ነው።

የእጮኛው አባት፣ «ቤትህን ሳላይ ልጄን አልሰጥም» ብለው ነበርና አንድ ጠዋት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እኔም ተከተልኩ። ተስፋዬ ቤት ሠራሁበት ያለው ቦታ ላይ ከሣር በቀር ምንም የለም። እሱ ግን ሳያፍር አስጎበኘን።

«አባባ፣ የቆሙት ፋውንዴሽኑ ላይ ነው። ይሄ ኮሪደር፣ ከላይ ደግሞ ሲሊንግ።»

ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

«እኛ በቀርከሃ፣ በአንድ ቀን ደቦ ቤት እናቆማለን» አሉ አባትየው። «ያንተ ሲሊንግ ዝናብ ይመልሳል?»

«በጃንሆይ አምላክ፣ ይመልሳል!»

«እንግዲያው ዝናቡ ይምጣና ከሥሩ ደረቅ ሆነህ ካገኘንህ ልጅቷን ትወስዳለህ።»

ሊሄዱ ሲሉ ግን ቆም አሉ።

«በሩ በየት በኩል ነው?»

ተስፋዬ አሳያቸው። ሁላችንም ተራ በተራ በዚያው ወጣን።