በሦስተኛው ዘፈን ላይ ያለው ሳል

ጋዜጠኛ የማያጣራው መረጃ ቤቱ ውስጥ የሰማውን ብቻ ነው። ባለሥልጣን ሲናገር ሁለተኛ ምንጭ እንፈልጋለን፤ ታላቅ ወንድም የነገረንን ግን ማን ደውሎ ያረጋግጣል?

እኔም አላረጋገጥኩም። አዘጋጁ ከሂፕ ሆፕ የመጀመሪያ ዘመን አልበሞች ስለ አንዱ ጻፍ ሲለኝ፣ ስሜት ውስጥ ሳልገባ በመረጃ ብቻ ጻፍኩ። ዛሬ አትላንታ ውስጥ ማይክ የሚጨብጥ ወጣት ሁሉ፣ አወቀም አላወቀም፣ የዚህ አልበም ልጅ ነው አልኩ። በተለይ ሦስተኛው ዘፈን መሀል ከበሮው ዝም ሲል የምትሰማዋን ሳል አደነቅኩ። ከሷ ወዲህ ሙዚቃ እንደ ሰው መተንፈስ ጀመረ ብዬ ሁሉ ጽፌያለሁ።

አንባቢ እንዲህ ያለውን መቼ ያልፋል? አልበሙ ላይ ሳል የለም ብሎ አንዱ ጻፈልን። እኔ የማውቀው በልጅነቴ ቤታችን የነበረውን ካሴት ብቻ ነው፤ አልበሙን ገዝቼ ሰማሁት፤ ከበሮው ዝም ይላል፣ ማንም አይስልም።

ሁለተኛ ምንጭ ፍለጋ አትላንታ አጠገብ ስኔልቪል ያለችው እናቴ ጋ ደወልኩ። ሳቋ አላቋርጥ አላት። ለካ ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ ሸክላውን ከጎረቤት ተውሶ፣ ቴፓችንን ስፒከሩ ፊት አስቀምጦ ሲቀዳ፣ ቤት የነበረውን ሁሉ እንዳይተነፍስ አዝዞ ኖሯል። ወጥ እንዳላማስል ከልክሎኝ ራሱ ሳለ አለችኝ። እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ ይሄ የሚስለው ማን ነው ስለው፣ ዘፋኙ ነው፣ አንተ ደግሞ ሙዚቃ አይገባህም ብሎኝ ነበር። አመንኩት።

ተስፋዬ የሞተው ልጁ ሜሮን መራመድ ሳትጀምር ነው። ፎቶው አለን፤ ድምፁ የለንም።

ሜሮን ጋዜጣው ላይ የወጣውን እርማት አንብባ፣ አያቷን ጠይቃ፣ ከፒችትሪ ኮርነርስ ቢሮዋ ደወለች። ጋሼ፣ ላይክ፣ ካሴቱን አልጣልከውም አይደል? ፕሊስ አልጣልኩም በለኝ አለች፣ እንደ ልማዷ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች። ጋራዥ ውስጥ ነበር። ካሴት ወደ ፋይል ለሚገለብጥ ሱቅ ሰጠነው።

ባለሙያው ሥራውን ሲያስረክበን ኮራ ብሎ ነው፦ ሦስተኛው ላይ አንድ ሰው ይስል ነበር፤ በነፃ ኤዲት አድርጌ አወጣሁላችሁ አለን። ሜሮን አፏን በእጇ ያዘች። ሙዚቃው ይቅር፣ ሳሉን ስጠን ስንለው እንዴት እንዳየን አልነግራችሁም።

ደግነቱ ዋናው ካሴት አልተነካም። እዚያው አጫወተልን። ከበሮው ዝም አለ፤ አባቷ ሳለ። ሜሮን አንዴ ድገመው አለች። ደገመው። አሁንም አለች። ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ አሁንም አለች።

ስንመለስ መኪናዋ ውስጥ አልበሙን ከስልኳ ከፈተች፣ ንጹሑን፣ እርማት የማያስፈልገውን። ሦስተኛው ዘፈን መሀል ከበሮው ዝም ሲል ሁለታችንም ጠበቅን። ምንም የለም። በመረጃ ብቻ የማምነው ሰውዬ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሳልኩ።

ሜሮን ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ ጋሼ፣ ተሳስተሃል አለችኝ፤ የአባቴ አጠር ይላል።