በምስማር የተበሳው ቀበቶ

ስልኩ ላይ ሁለት ቪዲዮ አይቶ ቆዳ ሠሪ የሆነ ጎረቤት አለዎት? ከሌለዎት ዲላ ብቅ ይበሉ፤ የእኔን በነፃ እሰጥዎታለሁ። ሰውዬው ፋብሪካ የሚያስንቅ መቁረጫ፣ መዶሻ፣ ሰም የተቀባ ክር ሲገዛ ከርሞ የቆዳ መብሻ ብቻ ቀረው። «ምስማር ምን አነሰው፣ ጋሼ?» አለኝና የሠራልኝን ቀበቶ በምስማር በሳሳው። ምስማር ቆዳን እንደሚሰነጥቅ ማን ይንገረው?

ይህን ቀበቶ ታጥቄ ለወንድሜ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ይርጋጨፌ ሄድኩ። ደንቡን ያውቁታል፤ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ቆሜ «ልጅዎን ለልጃችን…» ከማለቴ ቀበቶው ከቀዳዳው ላይ ተበጠሰ። ሱሪዬ ሊከተለው ሲል ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

የልጅቷ አባት አፈጠጡብኝ። «ጌታው፣ ሳንፈቅድ ተቀመጡ? ልጃችንን እንዲህ አቀለሏት?»

ምን ልበል? ልነሳ? ሱሪዬንስ ማን ይይዝልኛል? «ደንብ የሚያውቅ ሽማግሌ ሲገኝ ተመለሱ» ብለው ሸኙን።

ጎረቤቴ ደጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የተበጠሰውን ቀበቶ ወረወርኩለት። አገላብጦ አየውና «ምስማሩ ቀጥኖ ነው፤ የሙሽራውን በወፍራም እበሳዋለሁ» አለኝ።

«ሙሽራ መች አስቀረህልን?» አልኩት።