ሊቀ አስረጂ ሐሚድ እና የግርጌው ጽሑፍ

አስረጂ የሌለበት ከተማ የለም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ አለ፤ መብራት በበዓል ዋዜማ የሚጠፋበት ከተማ አለ፤ አስረጂ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ግን እስካሁን አልተገኘም። አስረጂ ማለት ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው ነው። የማጀቴ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ብትጠይቁት፣ መንገዱ ከመጠረጉ በፊት ሰው በየት በየት በኩል ይሄድ እንደነበር ይጀምርላችኋል። መኪናው ይሄዳል፤ እናንተ ቆማችሁ ትሰማላችሁ።

የሸዋ ሮቢቱ አስረጂ፣ ክቡር ሊቀ አስረጂ ሐሚድ ይባላሉ። መንበራቸው ከአስፋልቱ ዳር ያለችው ጎሚስታ ቤታቸው ናት። የከባድ መኪና ጎማ እየፈቱ፣ ሃያ ዓመት መሪ ለጨበጠ ሾፌር ጎማ ምን እንደሆነ ይነግሩታል። ማሾ ሲዘራ ያረጀውን የቀወት ገበሬ ስለ ማሾ ያስተምሩታል። አንድ ጊዜ ደግሞ ለቅሶ ቤት ሄደው፣ አባቱን ስድስት ወር ካስታመመ ልጅ አጠገብ ተቀመጡና አባትየው በምን በሽታ እንደሞተ ከመጀመሪያው ቀን አንስተው ተረኩለት። ልጁ ሐዘኑን ረስቶ አፉን ከፍቶ ሰማቸው ይባላል። ንግግራቸው ሁሉ የሚከፈተው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ቆይ፣ ከሥሩ ላስረዳህ!"

ለአናጺው ለሙሉቀን ግን ሐሚድ "እሳቸው" ሆኖ አያውቅም፤ እኛም ከዚህ በኋላ ሙሉቀን እንደሚጠራው እንጥራው። አብረው ነው ያደጉት። ማንጎ ሰርቀው አብረው ተገርፈዋል። ሙሉቀን ከውልደቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ነው። በልጅነቱ ራቅ ያለ ከተማ ሄዶ ማንበብ፣ መጻፍና የምልክት ቋንቋ ተማረ። ሲመለስ በምልክት የሚያናግረው አንድም ሰው አጣ። ያን ጊዜ ሐሚድ የቻለውን ያህል ከእሱ ተማረ፤ ያልቻለውን ከራሱ ፈጠረ። ስለዚህ የሁለቱ የእጅ ቋንቋ ግማሹ ከትምህርት ቤት፣ ግማሹ ከጎሚስታ ቤት የመጣ ነው። "ተናደደ" ለማለት ጎማ ይነፋሉ። "ታረቁ" ለማለት ይለጥፋሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ቤት አላስቀምጥ ሲል፣ ሰፈሩ እትዬ የሺ ጭማቂ ቤት ይሰበሰባል። እዚያ ማራገቢያ አለ፣ የማንጎ ጭማቂ አለ፣ ከኢንተርኔት የሚያያዝ ሰፊ ቴሌቪዥን አለ። ሁሉም ተከታታይ ድራማውን ያያል። ሐሚድ ወንበሩን ወደ ሙሉቀን አዙሮ፣ በአንድ ዓይኑ ድራማውን እየሰረቀ፣ በሁለት እጁ ያስረዳል።

ይህ መልካም ሥራ ሁለት እንከን ነበረበት። አንደኛው የዓይን ነገር ነው። ሰው ሁለት ዓይን ቢኖረውም ሁለቱም የሚያዩት ወደ አንድ ቦታ ነው። ሙሉቀን የሐሚድን እጅ ሲያይ ድራማው ያመልጠዋል፤ ድራማውን ሲያይ የሐሚድ እጅ ያመልጠዋል። ሁለተኛው የሳቅ ነገር ነው፤ ይህኛው ይብሳል። ተዋናዩ ቀልድ ይናገራል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሙሉቀን ወደ ሐሚድ ይዞራል። ሐሚድ በመጀመሪያ የራሱን ሳቅ ይጨርሳል፣ ቀጥሎ ዓይኑን ይጠርጋል፣ ቀጥሎ ከሥሩ ይጀምራል። ሙሉቀን ነገሩ ገብቶት ከት ብሎ ሲስቅ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት እናት ልጇ ታስሮባት ደረቷን ትደቃለች።

"ሙሌ ደግሞ፣ ሰው ሲያለቅስ ይስቃል እንዴ?" አሉ አንድ ቀን እትዬ የሺ፣ ለክፋት ሳይሆን። ሐሚድ ምንም ነገር ሳያስረዳ ማለፍ ስለማይችል ይህንንም አስረዳው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሉቀን ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቅ ጀመር። በምን እንደሚስቅ ሳያውቅ፣ የሰውን ጥርስ እያየ። ለሐሚድም እንኳ ያልነገረው ነገር ይህ ነው፦ አንድ ቀን፣ በአንዲት ቀልድ፣ ከሰው እኩል መሳቅ ይመኝ ነበር።

ቀኑ የመጣው በማንጎ ጭማቂ ነው። ጭማቂ ሪሞቱ ላይ ፈሰሰ፤ እትዬ የሺ በእርጥብ ጨርቅ ይፈትጉት ጀመር። ወዲያው ከቴሌቪዥኑ ግርጌ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ የአማርኛ ጽሑፍ ብቅ አለ።

"ኧረ ምን ነካሁ!" አሉ እትዬ የሺ።

"አማርኛን በአማርኛ ሊተረጉሙልን ነው?" አለ ባጃጅ ነጂው ኢዮብ። "ያጥፉት እንጂ እትዬ የሺ፣ የልጅቷን አገጭ ሸፈነብን!"

ነገሩ ግን ትርጉም አልነበረም። በውጭ ፊልም ላይ እንደምናውቀው አንዱን ቋንቋ ወደ ሌላው አይመልስም። ተዋናዩ የሚለውን ቃል እሱ በሚልበት ቅጽበት ይጽፋል። በዚህም አያበቃም፤ ከሰው አፍ የማይወጣውንም ይጽፋል። "በር ይንኳኳል።" "ውሻ ይጮኻል።" ሙሉቀን በሩ መንኳኳቱን ከሚከፍተው ሰውዬ ቀድሞ አወቀ! እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ ደርሶበት አያውቅም።

ድራማው ላይ ሽማግሌዎች ለልጅ ሚስት ሊጠይቁ ተቀምጠዋል። የልጅቷ አባት፣ "የልጁ ሥራ ምንድን ነው?" ይላል። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ "ጠዋት ጠዋት ይነሳል" ይላል።

ቤቱ ሳቀ። ሙሉቀን ሳቀ። እኩል! ጭማቂው በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ፤ ሲጨርስም ሰው እንደሱ ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

እትዬ የሺ ይህን ልብ አላሉም። "እንካ ሐሚድ" አሉና ሪሞቱን አቀበሉት። "አንተ የማታውቀው የለ፤ ይህን ጽሑፍ አጥፋልኝ።"

ቴሌቪዥኑን የገጠመው ሐሚድ ነው። የሪሞቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ለሰፈሩ ሲያስረዳ ሁለት እሑድ ፈጅቷል፤ ይህን ጽሑፍ የምታወጣዋንና የምታጠፋዋን ቁልፍ ግን "እቺ ለውጭ አገር ሰው ናት፤ እኛን አትመለከትም" ብሎ ነበር ያለፋት። ሙሉቀን ያስታውሳል። አሁንም የሐሚድ አውራ ጣት ሳትሳሳት ሄዳ እዚያችው ቁልፍ ላይ ስታርፍ አየ። ከዚያ ሐሚድ ቀና ብሎ ሙሉቀንን ተመለከተው፤ የሙሉቀን ጉንጭ ገና ከሳቁ እንባ አልደረቀም። አውራ ጣቷ ከቁልፉ ተነሳች። ሐሚድ ሪሞቱን ገለበጠ፣ ባትሪውን አወጣ፣ መለሰ፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀ፣ ከዚያም ለእትዬ የሺ አስረከባቸው።

"አላውቅም" አለ።

ሰው ሁሉ ዓይኑን ከድራማው ነቅሎ ወደ ሐሚድ ዞረ።

"ምን አልክ?"

"አላውቅም አልኩ፣ እትዬ የሺ። አይጠፋም።"

"በል በአላህ ማል!" አለ ኢዮብ።

"ለሪሞት አልምልም።"

ሙሉቀን ቃሉን ባይሰማም አየው፦ ሁለት ባዶ መዳፎች፣ ወደ ላይ። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ምልክት በእነዚያ እጆች ላይ አይቶት አያውቅም።

ጽሑፉ ቀረ። ሰውም ለመደው፤ እንዲያውም የከባድ መኪና ጩኸት ድራማውን ሲውጠው ሁሉም አንባቢ ሆነ። ሙሉቀን ከሰው እኩል ይስቃል፤ አንዳንዴ ጽሑፉ ከተዋናዩ አፍ ስለሚፈጥን ቀድሞ ይስቃል። "ሙሌ፣ አትቅደመን!" ይላል ኢዮብ በጣቱ እያስፈራራ፤ ይህን ለመረዳት አስረጂ አያስፈልግም።

ሐሚድ ግን እጁን ጭኑ ሥር ከትቶ ይቀመጣል።

በሦስተኛው እሑድ ደግሞ የባሰ መጣ። ግርጌው ላይ "አጎትህ ከሞተ ዓመት አለፈው" የሚል ተጻፈ። ሙሉቀን ወደ ሐሚድ ዞረ። "ሞተ ይላል። አንተ ጅቡቲ ሄደ ብለኸኝ አልነበር?"

የዚህ ነገር መነሻ ይህ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የሙሉቀን ሚስት መቅደስ ታማ አረፈች። ከአርባዋ በኋላ ሐሚድ ጎትቶ ጭማቂ ቤት አመጣው። በዚያው እሑድ ድራማው ላይ አንዲት ሚስት ሞተች። የሐሚድ እጆች ሊያስረዱ ተነሡ፣ አየር ላይ ቆሙ፣ ከዚያም መሪ ማዞር ጀመሩ። ሚስትየዋ ሄደች፤ በከባድ መኪና፣ ወደ ጅቡቲ። ከዚያ ወዲህ በሐሚድ እጅ የሞተ ሰው የለም። ሐኪም፣ ዳኛ፣ ሁለት ሙሽሮች፣ ሁሉም ጅቡቲ ሄዱ። ሙሉቀን አንድ ጊዜ "ለጅቡቲ እንዲህ ይለቀሳል?" ብሎ ጠይቆ ነበር። "መንገዱ ሩቅ ነው" አለው ሐሚድ።

አሁን ሙሉቀን በጣቱ ቆጠረ። አሥራ ዘጠኝ ሰው። "ጅቡቲ ሞላች በለኝ!" አለና ሳቀ። ሐሚድ አልሳቀም። የተያዘ ሌባ መስሎ አንገቱን ደፋ። በሚቀጥለው እሑድ ወንበሩን በሩ አጠገብ አደረገ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ጎማው የፈነዳበት ሾፌር አቻኮለኝ ብሎ አርፍዶ መጣ። ሙሉቀን ነገሩ ገባው። ሳቁን አገኘ፤ ሰውየው ግን በበሩ በኩል እየወጣበት ነው። ቀጥሎ ጭራሹን ላይመጣ ይችላል።

በዚያው እሑድ ድራማው ላይ ልጅቷ ብቻዋን መስኮት ስር ቆማለች። አትናገርም። ግርጌው ላይ፣ "የሚያሳዝን ሙዚቃ" ይላል። ሙሉቀን ልጅቷ የቆመችበትን ክፍል በዓይኑ ፈተሸ። ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፣ የሐሚድን እጅጌ ይዞ ቴሌቪዥኑ ፊት አቆመው።

"ሙዚቃ ይላል። ማን ነው የሚጫወተው? ከእሷ በቀር ሰው የለም።"

ሐሚድ ጥያቄውን ለቤቱ በድምፅ ተናገረ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

"ማንም አይጫወትም" አለ ኢዮብ። "ዝም ብሎ... ከኋላ አለ።"

ሙሉቀን መለሰ፣ ሐሚድም ተረጎመ፦ "ከኋላ ግድግዳ ነው ያለው፣ ይላል።"

"እኔስ መች ጠይቄ አውቃለሁ!" አሉ እትዬ የሺ።

"እሷ ትሰማዋለች? ይላል።"

"የት አባቷ ትሰማዋለች!" አለ ኢዮብ። "ለእኛ ነው እንጂ። ክፉ ነገር ሊመጣ ነው፣ ተዘጋጅታችሁ እዘኑ ሲለን ነው።"

"ገና ምንም ሳይሆን? ይላል።"

"አዎ፣ ገና ምንም ሳይሆን።"

ሙሉቀን ቆሞ አሰበ። እኒህ ሰዎች ሁሉ፣ ጆሯቸው ደህና የሆነው፣ መቼ እንደሚያዝኑ የሚነግራቸው ነበራቸው ማለት ነው። ፈገግ አለና እጆቹን አነሣ። ሐሚድ እየተከተለ ለቤቱ ተረጎመ፦

"እናንተም ሳትጠይቁት የሚያስረዳችሁ አላችሁ፣ ይላል። ይሄ ሙዚቃ የምትሉት፣ ይላል... የእናንተ..."

ቆመ።

"የእኛ ምን?" አሉ እትዬ የሺ። "ጨርሰው እንጂ!"

ሐሚድ ጉሮሮውን ጠረገ። "የእናንተ ሐሚድ ነው፣ ይላል።"

ኢዮብ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። እትዬ የሺም ሳቁ፤ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ። ሙሉቀን በሩ አጠገብ የነበረውን ወንበር እየጎተተ አምጥቶ ከራሱ ወንበር ፊት ለፊት አደረገው። ሐሚድን ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

"በል" አለው በእጁ። "የሚያሳዝነው ከሚያስደስተው በምን ይለያል?"

ሐሚድ ጭማቂውን ወደ ጎን ገፋ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ጀመረ። ከጀርባው ልጅቷ አለቀሰች፣ በር ተንኳኳ፣ አንድ ሰው ገባ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ። ሁሉም ግርጌው ላይ ይጻፍ ነበር። ሙሉቀን አንዱንም አላነበበው።