ሽጉጦቹ ሰው ሲመርጡ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ኮማንደር ጥጋቡ በሚመሩት ስብሰባ መካከል፣ ሳጅን እንዳላማው ሕልም አየ። ሕልሙ ወደ ምን እንደወሰደው ለማወቅ ግን ሰውየው በምን ነገር ላይ እንዳንቀላፋ መንገር ያስፈልጋል።

እንዳላማው በአንዲት ቆላ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብረት ሲወለውል፣ ዘይት ሲቀባ፣ ሲያስፈርምና ሲረከብ ኖሯል። ዘንድሮ ገላቸው ፕላስቲክ የሆነ፣ አንዱን ጥይት ተኩሰው ሌላውን ራሳቸው የሚያጎርሱ አዳዲስ ሽጉጦች ሲመጡለት ከመጀመሪያው ቀን አላመናቸውም። አንዱን አንሥቶ በመዳፉ መዘነና «ይሄ ለልደት የሚሰጥ መጫወቻ ነው እንጂ መሣሪያ ነው?» አለ።

በወሩ ኮንስታብል ትርንጎ ሽጉጧን ወገቧ ላይ ወዳለው የቆዳ ማኅደር ስትመልስ ባረቀባትና እግሯን መታት።

እንግዲህ የስብሰባው ጥያቄ ይህ ነበር። ጥፋቱ የሽጉጡ ከሆነ ሽጉጦቹ በሙሉ ወደመጡበት ይመለሳሉ፤ የእሷ ከሆነ ትርንጎ ከሥራ ትሰናበታለች። እንዳላማው ግን ሦስተኛ ነገር ያውቅ ነበር። ለአዲሶቹ ሽጉጦች የሚሆን ማኅደር ስላልመጣ፣ የድሮውን የብረት ሽጉጥ ማኅደር አውጥቶ ያስታጠቃት ራሱ ነው። የቆዳው አፍ ከእርጅና የተነሣ ወደ ውስጥ ታጥፏል። አደጋው በደረሰ ዕለት ማኅደሩን ከመሬት አንሥቶ ሲያየው፣ በታጠፈው ቆዳ ላይ ቃታው የተጫነበት ምልክት ቁልጭ ብሎ ታየው። ወስዶ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

በስብሰባው ላይ አንዱ ኢንስፔክተር አዲሱን ሽጉጥ አወደሰ፤ ቀላል ነው፣ ላብ አያዝገውም፣ አሥራ ሰባት ጥይት ይጎርሳል አለ። ሌላው ተነሥቶ፣ ቀላል ስለሆነ ነው እጅ ላይ የሚዘለው፣ ቃታውን የሚቆልፍ ማገጃ እንኳ ከውጭ የለውም፣ ቢሰበር የሚጠግነው ባለሙያ የለንም አለ። ድምፅ ከሚሰጡት አምስት ሰዎች ሁለቱ እንዲህ ሲሉ፣ ሌሎች ሁለት ተከፋፍለው አንዳንዱን ደገፉ። የቀረው የእንዳላማው ድምፅ ነበር። የቆርቆሮው ጣራ ይግላል፤ ዝንብ እንኳ ለመብረር ሰንፏል። ኮማንደሩ ጥፋቱን በትርንጎ ላይ የሚያደርግ አንድ ረጅም የውሳኔ ሐሳብ ማንበብ ጀመሩ። የእንዳላማው ዐይን ተከደነ።

በሕልሙ ከስብሰባው ወጥቶ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደ። በመደርደሪያዎቹ ላይ ሽጉጥ አልነበረም። ሰዎች በኮሌታቸው ተሰቅለዋል፤ ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተጽፏል። ወንበሮቹ ላይ ሽጉጦች ተቀምጠው ይመክራሉ። ለወገባቸው የትኛው ዓይነት ሰው እንደሚበጅ ሊመርጡ ነው።

«የድሮው ሰው ይሻላል» አለ ጉንጩ የዛገ አንድ ሽማግሌ የብረት ሽጉጥ። «ከባድ ነው። ሲቆጣ እንኳ ክብደቱ ቁጣውን ይውጥለታል። ደግሞ ከውጭ የሚታይ ማገጃ አለው፤ ይሉኝታ ይባላል።»

«ይሉኝታው ዝጓል» አለ ፕላስቲኩ፣ እግሩን እያወዛወዘ። «የዛሬን ሰው ቀኑን ሙሉ ታጥቀኸው ብትውል ወገብህን አይቆርጥህም። ዕንባ አያበላሸውም። በአንድ ጊዜ አሥራ ሰባት ቃል ይጎርሳል፤ ሳያቋርጥ ይተፋዋል።»

«ማገጃውስ?»

«ውስጡ ነው። አይታይም።»

«የማላየውን ማገጃ አላምንም!»

እንዳላማው «እኔም!» ሊል ሲል እግሩ መሬት እንዳልነካ አስተዋለ። እሱም ተሰቅሏል። ሽማግሌው ሽጉጥ መጥቶ በአንድ ጆሮው ዘይት የነካ ጨርቅ አስገብቶ በሌላው ጎትቶ አወጣው። ጨርቁን አሸተተው።

«ይሄኛው ውስጡ አንድ ነገር ተወትፎበታል» አለ። ሽጉጦቹ በሙሉ አፈሙዛቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

እንዳላማው ከመደርደሪያው ዘሎ ሮጠ። በሩን ሲከፍት የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ላይ ወጣ። የወረቀት ዒላማዎቹ ሽጉጥ ይዘው ተሰልፈዋል። ፊት ለፊታቸው እነኮማንደር ጥጋቡ ደረታቸው ላይ ክብ ተሥሎባቸው ቆመዋል።

«ትንፋሻችሁን ያዙ» አለ አንድ የተበሳሳ ወረቀት። «ትናንት ተንቀሳቅሳችሁ ውጤታችንን አበላሽታችሁታል።»

«ይቅርታ ጌታዬ» አሉ ኮማንደሩ በትሕትና። «ዛሬ ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ የምወድቀው?»

ከዚያም ወደ እንዳላማው ዘወር ብለው «ማን ነው የነገረህ?» ሲሉ በጥርጣሬ ጠየቁት። እንዳላማው ምኑን እንደሆነ አላወቀም። ቢሆንም «ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ለማንም አልነገርሁም» ብሎ ማለ። መማሉ ይበልጥ አስጠረጠረው። ዒላማዎቹ እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ።

ከኋላው ያለውን ግድግዳ ተደግፎ ቢያፈገፍግ ግድግዳው ለቀቀውና ሐኪም ቤት ገባ። ሐኪሞቹ አልጋ ላይ ተኝተው ያቃስታሉ፤ በሽተኞቹ እየዞሩ መድኃኒት ያዝዛሉ። ጥግ ላይ ያ ፕላስቲኩ ሽጉጥ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ትርንጎ በሁለት ጤነኛ እግሯ ቆማ ብርቱካን ትልጥለታለች።

«ምን አገኘው?» አላት እንዳላማው።

«እኔ ባረቅሁበት፣ ጋሼ» አለችው። «ግን እውነት እልዎታለሁ፣ ራሴን አልነካሁም። የሆነ ነገር ነካኝና ባረቅሁ።»

ሽጉጡም ከትራሱ ቀና አለ። «እኔም አልነካኋትም። እሷም ማለች፣ እኔም ማልሁ። እንግዲህ ሦስተኛው ማነው?»

በሽተኞቹ ማዘዛቸውን አቆሙ። ሐኪሞቹ ማቃሰታቸውን አቆሙ። ሁሉም እንዳላማውን አዩት። እሱም እያንዳንዳቸውን አየ፤ የትኛው ነው ያሳበቀብኝ እያለ ፊታቸውን አንድ በአንድ መረመረ። በዚህ መካከል የራሱ ቁም ሣጥን በአራት እግሩ እየተንገዳገደ ገባ። ከውስጡ አንድ ነገር ያንኳኳል።

«ክፈቱልኝ!» ይላል። «ታፍኛለሁ፣ ክፈቱልኝ!»

ሽማግሌው ሽጉጥ መነጽሩን አድርጎ ከቁም ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ።

«ሳጅን እንዳላማው፣ የማኅደሩን አፍ አይተሃል? አዎ ወይስ አላየሁም?»

እንዳላማው ሊናገር ሞከረ። ምላሱ ቆዳ ሆኖ ወደ ውስጥ ታጠፈበት። ትርንጎ የተላጠውን ብርቱካን እንደያዘች ትጠብቀዋለች። ያን ጊዜ፣ ከአደጋው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የመጣው ይምጣ አለና ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ። አንዴ አልበቃውም፤ ሦስት ጊዜ ነቀነቀ። ከጫንቃው ላይ የኩንታል ሸክም የወረደለት ያህል ቀለለው። ሐኪም ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ቀሰቀሰው።

የሚያጨበጭቡት የስብሰባው ሰዎች ነበሩ።

«እንግዲህ ሳጅን እንዳላማውም ሦስት ጊዜ ራሱን ነቅንቆ ተስማምቷል» አሉ ኮማንደር ጥጋቡ። «ሦስት ለሁለት። ሽጉጡ ነፃ ነው። ጥፋቱ የኮንስታብል ትርንጎ መሆኑ ጸድቋል፤ በቃለ ጉባኤው ይያዝ።»

ትርንጎ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ምርኩዟን በጉልበቶቿ መካከል አቁማ ተቀምጣለች። ዐይኗን ከእንዳላማው ላይ አልነቀለችም።

እንዳላማው ብድግ ሲል ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የኔ ድምፅ አይቆጠር» አለ። «እኔ... እኔ ተኝቼ ነበር። ደግሞ ማኅደሩ...»

ኮማንደር ጥጋቡ በመዳፋቸው ዐይናቸውን አሻሹ። ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ኢንስፔክተሮች አዩ፤ አንደኛው ገና አገጩ ደረቱ ላይ ነበር።

«ታዲያ ማን ነቅቶ ነበር?» አሉና ገጹን ወደ ሁለተኛው አጀንዳ ገለበጡ።