ፀጉር የሌላት ድመትና የእኔ ስም

እኔ ድመት አልወድም። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። መቱ ውስጥ ልኳንዳ ቤት የከፈተ ሰው ድመት ቢወድ ምን ሊተርፈው? አጥንት ስቆርጥ ድምፁን ሰምተው ከየጣራው ይወርዳሉ። አንዷማ ለሠርግ የታዘዘ ጉበት ይዛብኝ ሄደች። ያን ቀን በንዴት መንገድ ላይ ቆሜ፣ «አንድ ቀን የፈላ ውሃ ካልደፋሁባችሁ ምን አለ በሉኝ» አልኩ። ለድመቶቹ ነው ያልኩት። የሰማኝ ግን ሰፈሩ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል የሚባለው?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንደ ልማዱ እየዘነበ፣ ልከፍት ስመጣ ደጃፌ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ፊት ለፊቴ ጎመንና ቃሪያ የሚሸጡት እትዬ ዘሃራ በሻርፓቸው የጠቀለሉትን ነገር ታቅፈዋል። ገለጥ ሲያደርጉት ድመት ናት። ግን ፀጉር የሚባል የላትም። ቆዳዋ ቀልቶ ተጨማድዷል፣ ጆሮዋ የሌሊት ወፍ ጆሮ ይመስላል፣ ትንቀጠቀጣለች። እውነቴን ነው፣ እኔም ደነገጥኩ።

«ጋሼ ደምሴ፣ አላህን አይፈሩም?» አሉኝ።

«ምን አድርጌ?»

«ከእርስዎ በር ሥር ነው ያገኘኋት።»

ከቡሬ ለገበያ የመጣ አንድ ገበሬ ጠጋ ብሎ አየና፣ «አዱሬዋን ቀቀላት እንዴ?» አለ፣ ድመቷን በኦሮምኛ ጠርቶ። ከዚያ ወዲያ ማን ይስማኝ? የተቀቀለ ቆዳ ይላጣል እንጂ እንዲህ ጥርት አይልም፣ ሥጋ ሻጭ ነኝ፣ አውቃለሁ ብዬ ላስረዳ ስሞክር ጭራሽ ባሰ። «አያችሁ፣ ያውቅበታል» ተባለ።

ያን ቀን በሬው እንደተሰቀለ ዋለ። የስንት ዓመት ደንበኞቼ ፊታቸውን አዙረው አለፉ። እትዬ ዘሃራ ከእኔ ሥጋ ገዝተው አያውቁም፤ ሃይማኖታቸው አይፈቅድም። ሊገዛ የመጣውን ግን አንድ በአንድ የመለሱት እሳቸው ናቸው። ሚስቴ እንኳ ምሳ ይዛልኝ መጥታ፣ እስቲ ለእኔ እውነቱን ንገረኝ አለችኝ። ምሳውን ሳልከፍት መለስኩላት።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት እያለቀሰች ከባጃጅ ወረደች። ቤዛ ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ልታስተምር ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ናት። ድመቷ የእሷ ኖራ በመስኮት አምልጣባታለች። እትዬ ዘሃራ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ «ያቃጠሏት እኚህ ናቸው፣ ልጄ» አሏት።

ልጅቷ ግራ ገባት። «ማንም አላቃጠላትም። ስትወለድም እንዲህ ናት። ዘሯ ነው፤ ስፊንክስ ይባላል።»

ዘር። የሰዉን ዘር መቁጠሩ አልበቃን ብሎ ድመት ላይ ደረስን? በዘሯ ምክንያት አንድ በሬ ሊበላሽብኝ?

ልጅቷ ግን ሰዉን ሁሉ ሰብስባ ታስረዳ ጀመር። ፀጉር ስለሌላት የቆዳዋ ወዝ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ በሳሙና ትታጠባለች። ብርድ አትችልም፤ የራሷ ሹራብ አላት። «ጋሼ፣ ይንኳት» አለችኝ። አልፈልግም አልኩ። እጄን ይዛ አስነካችኝ። እንደ ኮክ ልጣጭ ስስ ፀጉር እጄን ዳበሰኝ፣ ሰውነቷ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። እጄን ቶሎ አላነሳሁም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እንኳ ሳያድር ጠራ። አሁን ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። ልጅቷ ድመቷን ይዛ ሄደች፤ ሰዉም ምንም እንዳልተፈጠረ ተበተነ። እትዬ ዘሃራ ወደ ጎመናቸው ሲመለሱ ጠራኋቸው።

«እትዬ፣ የሚሉኝ ነገር የለም?»

ዞር አሉ። «ልክ ነው፣ እርስዎ አልደፉባትም» አሉኝ። «ግን ጋሼ ደምሴ፣ ፀጉር ቢኖራት ኖሮ ይደፉባት ነበር።»

ይሄው እስከ ዛሬ እንደተናደድኩ አለሁ። ውሸቱንማ የዚያኑ ዕለት ይቅር ብያቸዋለሁ።