ጋሼ ድሮና አዲሱ ሲስተም

አንድ «ጋሼ ድሮ» የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ ንገሩኝ፤ ዛሬውኑ የሥራ ማመልከቻ አስገባለሁ። የኛው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። እኔ ደግሞ የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ የእሳቸው እስረኛ ነኝ።

ቅዳሜ የሁሉንም ኮምፒውተር ሲስተም ቀይሬ በኩራት ወጣሁ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አንተ ልጅ፣ ያቺን የስክሪኑን ማስጀመሪያ ምልክት የት ወሰድካት? ድሮ ግራ ጥግ ነበረች!»

«ጋሼ፣ አሁን መሃል ላይ ናት።»

«ማን ፈቅዶላት?»

ክቡርነታቸው የዝውውር ደብዳቤ መፈለጋቸው ነው። ማክሰኞ ስሄድ ስክሪኑ ግራ ጥግ ላይ ወረቀት ለጥፈው «እዚህ ነበረች» ብለው ጽፈዋል፤ ቀንና ፊርማ ሳይቀር። ረቡዕ አሥራ አራት ጊዜ ደወሉ። በአሥራ አራተኛው «አገኘኋት!» ብለው በደስታ ነኳት፤ ለካ የነኩት ማጥፊያዋን ኖሯል፤ ሲጽፉ የዋሉት ሁሉ ድራሹ ጠፋ።

ሥራ አስኪያጁ ቀልድ አያውቁም። «እስከ ዓርብ ካልለመዱ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራሉ» አሉ። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ገባሁ። ጋሼ አልተቆጡም፣ አልጮኹም፤ ስክሪኑን በጣታቸው እየዳሰሱ አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ይሄ አስደነገጠኝ።

«ዛፌስ?» አሉኝ።

ለካ የድሮው ስክሪን ላይ የዛፍ ፎቶ ነበር። ሰውየው የሁለት መቶ ሠራተኛ ፋይል እዚያ ፎቶ ላይ ደርድረው የሚያገኙት በስም ሳይሆን በቦታ ነው። የታመመና ሐዘን ያገኘው ጥላው ሥር፣ ጡረታ የደረሰ ግንዱ ጋ፣ ነገረኛ ፀሐይ ላይ። የኔ ዘመናዊ ሲስተም ዛፉን ነቅሎ ሁሉንም በፊደል ተራ ደርድሮታል።

ምሳዬን ትቼ ዛፉን መለስኩ። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ያዝዙኛል። «ይቺ እግሯን ተሰብራለች፣ ወደ ጥላው አስጠጋት። ይኼን? ተወው፣ ፀሐይ ይምታው!» ይኼ የተባሉት ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ግማሹን እኔ ደረደርኩ፣ ግማሹን እሳቸው አምሽተው ደረደሩት።

ዓርብ ሥራ አስኪያጁ መጥተው የሾፌራቸውን ፋይል ጠየቁ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሳይመቻቹ አወጡላቸው። የግምጃ ቤቱ ነገር በዚያው ቀረ።

ሰው ሲወጣ የራሴን ፋይል ጠራራ ፀሐይ ላይ ፈለግኩ። የለም።

«ያንተማ ጥላ ሥር ነው» አሉኝ። «እናትህ ካረፈች ጀምሮ። ምነው፣ ላውጣህ?»

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። በዚህ ቢሮ ለማንም አልነገርኩም፤ የሦስት ቀን የሐዘን ፈቃድ ቅጽ ብቻ ነበር ለመዝገብ ቤት ያስገባሁት።

«ይቆይ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሰውየውን እወዳቸዋለሁ፤ እንዳትነግሩብኝ።