ጉበቴ በነጻ ሲሰናበት

ከበሽታም የተከበረና ያልተከበረ አለ። ጨጓራ ያለበት ሰው ከሆሳዕና ሾኔ እስኪደርስ ሚኒባሱን ሙሉ ስለ ጨጓራው ሲያጫውት ይሄዳል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ሆኖ መድኃኒት ያዝለታል። ደም ግፊት ያለበትማ ትልቅ ሰው ነው፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ጨው የሌለው ወጥ ለብቻው ይፈለግለታል። ጉበቴን አመመኝ ያላችሁ እንደሆነ ግን አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ቀስ ብሎ ጉልበቱን ይሰበስባል። እኔ የትኛው ክፍል እንደደረሰኝ ገምቱ።

ሆሳዕና ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የባለቤቴ ወንድም ኦፕራሲዮን ሊሆን «ዘመድ ደም ይስጥ» ሲባል፣ ደረቴን ነፍቼ ከሁሉ ቀድሜ እጅጌዬን የሰበሰብኩት እኔ ነበርኩ። እሱ ድኖ ሥራ ገባ። እኔ ደግሞ ደም ከሰጠሁበት ሆስፒታል በስልክ ተጠራሁ፤ ስሄድ ነርሷ በሩን ዘጋችው። ነርስ በር ስትዘጋ ደግ ወሬ አትጠብቁ።

«መምህር፣ ደምዎ ላይ ሄፓታይተስ ሲ ሊሆን የሚችል ምልክት ታይቷል። እርግጡን ለማወቅ ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል» አለችኝ። በልጅነቴ እንጥሌን ተቆርጬ፣ ጥርሴን በሰፈር አዋቂ ተነቅዬ፣ ምላጭ ከሰው ጋር ተዋውሼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሆመቾ ገጠር ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ አይደለም፤ የሕይወት ታሪክ ነው። ለሁሉም «አዎ» አልኩ። «ቢገኝብዎም በክኒን ይድናል» ስትል ሰምቻለሁ፤ ቤት ድረስ የተከተለኝ ግን «ሊሆን ይችላል» የሚለው ብቻ ነው።

ዓይኔ ቢጫ እስኪሆን መጠበቅ ጀመርኩ። በመስታወት አየሁ፤ በባጃጅ ስፖኪዮ አየሁ። ነጭ ነው። የመጣው ያልጠበቅኩት ነው። መጀመሪያ ውስጥ እግሬን ያሳክከኝ ጀመር፤ ጫማ አድርጎ የቆመ መምህር የማያክከው ቦታ። ቀጥሎ ጣቶቼ እየደነዘዙ ጠመኔ ያመልጠኝ ጀመር። በመጨረሻም ቃል ጠፋኝ። ሰሌዳው ላይ ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ስዬ ስሙን አጣሁት፤ እጄን እንደሰቀልኩ ቀረሁ። ተማሪዎቹ የጠየቅኳቸው መስሏቸው በአንድ ድምፅ «ደሴት!» አሉ። «ጎበዞች!» ብዬ ወጣሁና ከክፍሉ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። እንጀራዬ ቃል ነው፤ ቃል ከከዳኝ ምን ቀረኝ?

ቤት ውስጥ ምላጬንና ጥፍር መቁረጫዬን ደበቅኩ። ብርጭቆዬን ለየሁ። «ጀርባዬን አሞኛል» ብዬ መኝታዬንም ሳሎን አደረግኩ። ባለቤቴ ምሕረት ጥቂት ቀን አየችኝና አንድ ጠዋት ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ማናት?» አለችኝ።

«ማን?»

«ያቺ ሴት።»

«ጉበቴ ነው» አልኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ ማልቀስ ጀመረች። «ሴት ብትሆን እኮ ሄጄ ፀጉሯን እነጭላት ነበር። ይሄን ምን አባቴ ላድርገው?»

አማቴ ከሌሞ በጋሪ ቅቤ ይዘው መጡ። ቅቤውን ልጃቸው ከለከለችኝ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን በግራ ጎኔ ጭነው ጉበቴን በሃዲይኛ አጥብቀው ጸለዩለት። ጉበት በቀኝ በኩል መሆኑን ለመናገር ድፍረቱን ከየት ላምጣ?

ውጤቱ ሲመጣ ምሕረት ኮሪደር ላይ ቀረች፤ እኔ ገባሁ። ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ቫይረሱ የለብዎትም። ድሮ ይዞዎት ሰውነትዎ አጥፍቶት ይሆናል፤ ወይም የመጀመሪያው ምርመራ ተሳስቷል።»

«ታዲያ እግሬ? ጣቶቼ? የሚጠፋኝ ቃልስ?»

ፈገግታውን ሰበሰበው። «እሱ ሌላ ምክንያት ይኖረዋል። ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

ታምኑኛላችሁ? የተሰማኝ ሐዘን ነው። ሄፓታይተስ ሲ ቢያንስ ስም ነበረው፤ ክኒን ነበረው፤ ማለቂያ ነበረው። ወጥቼ ለምሕረት «የለም» አልኳት። የቀረውን ሳልጨርስ እልልታዋ ኮሪደሩን ሞላው። ያን እልልታ የማቋረጥ አቅም አልነበረኝም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌው «ወንድማችን ጌታ ያደረገለትን ይመስክር» ብለው ማይክ ሰጡኝ። «ጉበቴ ነጻ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ጉባኤው በሃሌሉያ ተናወጠ፤ አማቴ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አነቡ። እኔ በጫማዬ ውስጥ ጣቶቼን እያፋተግኩ የደስታ ፊት ይዤ ቆምኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ምሕረት ክንዴን ያዘች። ከዚያ ዓይኗን ከጫማዬ ሳታነሳ «ሕመሙ አልተወህም፣ አይደል?» አለች።

«አልተወኝም።»

«ነገ ተመልሰን እንሄዳለን።»

«ምን ብለን?»

«ስሙን ንገሩን ብለን።»